ጥቁር ብጣሽ ያለበት ችካል

ገመዱ ሲወጠር ሚዛ ትቆማለች፤ ሲላላ ትራመዳለች። ከማለዳ ጀምሮ እንዲህ ነበር። ጉልበቷ ላይ የነበረው ውሃ አሁን ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወርዷል፤ ከእግሯ ሥር ያለው መሬት አንዴ አሸዋ፣ አንዴ ስለት ይሆንባታል። የገመዱን ጫፍ የግራ እጇ አንጓ ላይ ጠምጥማዋለች። ብብቷ ሥር የችካል እስር ሸጉጣለች።

ከኋላዋ ዶክተር ሃስኬት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የሰሌን ባርኔጣውን በመሐረብ አገጩ ሥር አስሮ፣ ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ ውሃው ላይ እየገፋ ይመጣል። ገመዱ በየርቀቱ ተቋጥሯል፤ በየቋጠሮው ይቆማል። ከገመዱ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ክንድ ያያል። የባሕር አበባ ካገኘ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ይጽፋል፤ አስተርጓሚው ኡሲ ከሚዛ ችካል ተቀብሎ በመዶሻ ይተክላል። ኡሲ የከተማ ሰው ነው። ነጭ ጀለቢያውን እስከ ወገቡ ሰብስቦ ቢያስረውም ቀይ ቆቡን አላወለቀም።

«ቢ ሚዛ፣ ቀስ በይ እንጂ! እኛ እኮ እግራችን እንዳንቺ ሰኮና አይደለም» አላት፤ ቢ እንደ እመት ያለ ማክበሪያ ነው።

«ጫማ አድርግ ብዬህ ነበር።»

«ጫማዬማ ለአርብ ሶላት ነው።»

ሚዛ አልሳቀችም። ዓይኗ በሰሜን በኩል ኦክቶፐስ ወደሚያድኑት የመንደሯ ሴቶች ሄደ። በዚህ ርቀት ሁሉም ጎንበስ ያሉ ጥላዎች ናቸው። የትኛዋ ኪጃ እንደሆነች መለየት አልቻለችም። ኪጃ አንድ ልጇ ናት፤ ከሚቀጥለው አዲስ ጨረቃ በኋላ ኒካዋ ይታሰራል። ሚዛ ከዚያ ቀን በፊት ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ በልቧ ስትቆጥር ነው የከረመችው፤ ትኩሳት፣ የታንኳ መገልበጥ፣ የአማች ኩርፊያ።

ለዚህ ሥራ የመረጣት የመንደሩ ሹም፣ ሸሃው ነው። ባርነት በሱልጣኑ ዐዋጅ በተሻረ በአምስተኛው ዓመት፣ የሱልጣኑ አገረ ገዥ የሊዋሊው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወደ መንደራቸው ወደ ኪዳጎ መጣ። እንግሊዛዊው ዶክተር ከሞምባሳ ጀምሮ ዳርቻውን እያሰሰ ነው ይላል ደብዳቤው፤ የሚፈልገውም ዕንቁ አይደለም፣ ዓሣም አይደለም፤ ድንጋይና አሸዋ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን፣ አበባ መስለው ሥጋ የሆኑትን ፍጥረታት ነው። ሸሃው ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበው። ሌላ የተደበቀ ነገር ይኖረው እንደሆነ ፈልጎ አጣ።

«ወንዶቻችን የሚያውቁት ጥልቁን ነው» አለ በመጨረሻ። «በእግር የሚሄዱበትን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ሚዛን ጥሩልኝ።»

ባሕሩ ከሁሉ አርቆ የሚሸሸው አዲስ ጨረቃ በወጣች ሰሞን ለሦስት ቀን ብቻ ነው። ትልቁ ሽሽት ይሉታል። በእነዚህ ሦስት ቀናት ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቀትር ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ መስክ እስከ ጠርዙ ድረስ ይራቆታል፤ በሌላ ጊዜ ጠርዙን የሚያየው ዓሣ ብቻ ነው። ዶክተሩ ገመዱን በመጀመሪያው ቀን በመሃል፣ በሁለተኛው ቀን በሰሜን፣ የባሕሩ ውሃ በሚገባበት በቦዩ አፍ አጠገብ፣ ዛሬ ደግሞ በደቡብ ዘረጋው። ነገ የመጣበት መርከብ ይሄዳል።

እስካሁን ሠላሳ አንድ ዓይነት መዝግቧል። ሚዛ አብዛኞቹን በስም አታውቃቸውም፤ በእጇ ግን ታውቃቸዋለች። ምንጣፍ አክሎ የተዘረጋውንና ጣት ሲነካው እንደ ሙጫ የሚይዘውን፤ የጣቶቹ ጫፍ እንደ ወይን ፍሬ ያበጠውንና ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካንማ ዓሦች የሚያድሩበትን፤ ሸርጣን ዛጎሉ ላይ ተሸክሞት የሚዞረውን፤ ጥላ ሲያርፍበት ወዲያው አሸዋ ውስጥ የሚሰወረውን። በመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ አንድ ቀይ ጉብታና አንድ አረንጓዴ አበባ ለየብቻ ጽፎ ነበር።

«ሁለት አይደሉም፣ ብዋና» አለችው ሚዛ፤ ጌታዬ ማለቷ ነው። «ይኸኛው ውሃ ስለሸሸበት ተጨብጦ ነው።»

በእፍኟ ውሃ እየቀዳች ጉብታው ላይ አፈሰሰች። ቆመው ጠበቁ። ቀዩ ጉብታ ቀስ እያለ ተከፈተና አረንጓዴ ጣቶቹን አወጣ። ዶክተሩ አንዱን መስመር ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቃት አይጽፍም። ወደ ጠርሙስ የሚገቡትማ ምንም አይጠቅሙም። አልኮሉ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደሩ ቀለማቸው ይጠፋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ኡሲ ጠርሙሶቹን «የሽማግሌ ጆሮዎች» ይላቸዋል።

ሚዛን ከትናንት ጀምሮ የሚከነክናት ግን ሌላ ነገር ነበር።

በኪዳጎ ሴቶች ዘንድ፣ የኮራሉ መስክ ላይ ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ከተተከለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ እዚህ እሳቱ አለ። እሳቱ የባሕር አበባ ነው፤ ሲዘረጋ ቡናማ የባሕር ሣር ይመስላል። የነካውን ያቃጥላል፤ ቁስሉ ለወራት አይድንም፣ ደካማ ሰው ከሆነ ውሃው ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሰምጥ ይችላል። ክፋቱ ሲደበቅ ነው። አሸዋው ውስጥ ሲገባ ልክ የኦክቶፐስ በር የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ሕይወታቸው ኦክቶፐስ ለመያዝ እንዲህ ባለ ቀዳዳ ውስጥ እጅ መስደድ ነው። ስለዚህ ያገኘችው ሴት ከቀሚሷ ጫፍ ቀድዳ ታስራለች። የሴቶቹ የሥራ ልብስ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ የጠቆረ ነው፤ ብጣሹም ጥቁር ነው። በዚያ ዓመት የታወቀው እሳት አንድ ብቻ ነበር፤ አሮጊቷ ቢ ምካሲ በዝናቡ ወራት በቦዩ አፍ አጠገብ አግኝተው ተክለውበታል።

ዶክተሩ በየችካሉ ጫፍ ለምልክት እንዲታሰር ያመጣው ጨርቅ ነጭ ነበር። ትናንት ሃያኛው ችካል ላይ አለቀ።

«ከራስሽ ቅደጂ» አላት ኡሲ ያኔ። «ጨርቅ ጨርቅ ነው።»

«ጥቁር አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? ውሃው እየተመለሰ ነው እኮ! ብዋና ይቆጣል።»

ሚዛ ዶክተሩን አየችው። ሰዓቱን አውጥቶ እያየ ነበር። ማስረዳት ትችል ነበር፤ ግን በኡሲ አፍ አልፎ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ተመልሶ... ውሃው ደግሞ ባቷን ነካት። ከቀሚሷ ጫፍ ቀደደች። ነገ በነጭ እቀይረዋለሁ አለች ለራሷ። ሃያ ሦስት ጥቁር ብጣሽ አሰረች። ዛሬ ጠዋት ነጩ ጨርቅ ከመርከቡ መጣ፤ ገመዱ ግን በደቡብ ተዘረጋ፣ እሷም ወደ ሰሜን የምትሄድበት ጊዜ አላገኘችም።

ለማንም አልተናገረችም። አፈረች። ለኪጃ ብቻ ከቤት ሲወጡ «ከገመዱ ራቂ» አለቻት። ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም።

ዶክተሩ አሁን አርባ እርምጃ ያህል ይቀረዋል። ሚዛ ጠርዙ ላይ ደርሳለች። ከፊቷ ኮራሉ እንደ ግድግዳ ቁልቁል ይወርዳል፤ ማዕበሉ ከታች እየመጣ ደረቷ ላይ ይረጫል። በሌላ ቦታ የገመዱን ጫፍ መሬት የሚያስይዘው የእርሳስ ክብደት እዚህ አይሠራም፣ ገመዱን የሚይዘው የእሷ ክንድ ብቻ ነው።

«እንዳትለቂው!» ጮኸ ኡሲ። «ብዋና ዋናው ይሄ ጫፉ ነው ይላል! እስከ ዛሬ ማንም አልቆጠረውም!»

«ይዤዋለሁ!»

በዚህ መሃል ቢ ምካሲ የብረት ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ በኮራሉ ላይ መጡ። ቅርጫታቸው ባዶ ነው። ገና ከሩቅ ተጣሩ።

«አንቺ የእንግሊዝ ሙሽራ!»

«ቢ ምካሲ፣ ደህና አረፈዱ?»

«ምን ደህና አረፍዳለሁ? ብጣሼ ሳስቶ ነበር፣ ላድሰው ብዬ ቦዩ አፍ ሄድኩ። ሃያ ምናምን ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎ ጠበቀኝ! ምንድን ነው፣ ባሕሩ በሙሉ እሳት ሆነ? የትኛው የእኔ እንደሆነ እኔው ራሴ ማወቅ አልቻልኩም።»

ሚዛ ወደ ሰሜን ተመለከተች። «ለልጃገረዶቹ ነገሯቸው?»

«ምን እነግራለሁ? እነሱ ናቸው የነገሩኝ! ‹አይ ቢ ምካሲ፣ ጥቁሩ ሁሉ የዶክተሩ ነው፣ ቀልድ ነው› አሉኝ። እየሳቁ በላዩ ይሄዳሉ። ያንቺይቱማ አንዱ ችካል ላይ ቅርጫቷን ሰቅላበታለች።»

«ኪጃ? ኪጃ ሰሜን ናት?»

«ሰሜን ናት እንጂ። ‹እማማ ከገመዱ ራቂ ብላኛለች› አለችኝ።»

ሚዛ ወደ ኋላ ዞረች። ዶክተሩ ፊቱን ባልዲው ውስጥ ደፍቷል። ሠላሳ አምስት እርምጃ። ገመዱን ከለቀቀችው ማዕበሉ ይወስደዋል፤ ከዚያ ውሃው ይመለሳል፤ ነገ ጠርዙ አይታይም።

ገመዱን ከአንጓዋ አወለቀችው።

የኡሲን ጩኸት ሰማች፤ ቃሉን ግን አልሰማችም። እየሮጠች ነበር። የኮራል መስክ ላይ የሚሮጥ ሰው የለም፤ ልጆችን መጀመሪያ የሚያስተምሯቸው ይህንን ነው። እግሯን ሁለት ጊዜ ቆረጣት። ነጫጮቹን የመሃል ችካሎች አለፈች። ጥላዎቹ ቀስ በቀስ ሰው ሆኑ፣ ከዚያ ስም ያላቸው ሰዎች ሆኑ። ኪጃ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ ቦዩ አፍ ላይ፣ በጉልበቷ ተንበርክካለች። አጠገቧ ጥቁር ብጣሽ ያለበት ችካል ቆሟል፤ ከሌሎቹ አጠር ያለ፣ ጎበጥ ያለ የማንግሮቭ እንጨት ነው። የዶክተሩ ችካሎች ቀጥ ያሉ፣ ቁጥር የተቀረጸባቸው ናቸው። ሚዛ ከሰላሳ እርምጃ ርቀት ለየችው።

«ኪጃ! ተይው!»

ኪጃ ቀና አላለችም። ቀኝ እጇ ዘንጓን ይዟል፣ ግራ እጇ ቀዳዳው አፍ ላይ ነው። ነፋሱ ከባሕር ነበር።

«ኪጃ! እጅሽን!»

በዚህኛው ሰማች። ዞር አለች። ስትዞር ግራ እጇ ወደ ኋላ ተሳበ፣ ግን ሦስት ጣቶቿ ቀድመው ገብተው ነበር።

ጩኸቷ አጭር ነበር። ሚዛ ስትደርስ ልጅቷ እጇን በሌላ እጇ ይዛ፣ አፏን ከፍታ፣ ትንፋሽ አጥሯት ውሃው ላይ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ላይ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ሚዛ በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ ክሩን አነሳችው፤ በባዶ እጅ እንደማይነካ ታውቃለች። ቀሚሷ ትናንት የተቀደደው ነው።

«ኦክቶፐስ መስሎኝ...» አለች ኪጃ። «እማማ፣ የዶክተሩ ነው ብዬ እኮ ነው...»

«አውቃለሁ። አትናገሪ። ተነፍሺ።»

«ከገመዱ ራቅኩ እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

ልጃገረዶቹ ከበቧቸው። ውሃው መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ከቦዩ በኩል ነው መጀመሪያ የሚመጣው። ኪጃ ልትነሳ ሞክራ ተመልሳ ወደቀች። ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለቱ ልጃገረዶች በብብቷ ገብተው አነሷት፣ ሚዛ እግሮቿን ያዘች። የዶክተሩ ታንኳ ከደቡብ በኩል ሲቀዘፍ ያዩት ያኔ ነው።

ታንኳው ውስጥ አስተኟት። ዶክተሩ ሰዓቱን አውጥቶ የኪጃን ደም ሥር ያዘና ቆጠረ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቆጠረ። ለኡሲ የሆነ ነገር ነገረው።

«ልቧ ይፈጥናል፣ ግን አይዘልም ይላል» አለ ኡሲ። ቀይ ቆቡ ከራሱ ላይ የለም፤ ባሕሩ ወስዶታል። «አትሞትም ይላል፣ ቢ ሚዛ።»

ሚዛ ልጇን ብቻ ታይ ነበር።

ባሕሩ ዳር ሴቶቹ ውሃ አፍልተው ጠበቁ። እጇን መታገሥ እስከቻለችው ድረስ በሞቀ ውሃ ነከሩት፤ ከዚያ የጥሬ ፓፓያ ወተት ቀቡት። ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ ተስተካከለ። ጣቶቿ አብጠው ቆዳቸው ነጭ ሆነ። ዶክተሩ በሚዛ ቤት በር ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና መጣ። ደብተሩን ይዟል።

«ይቅርታ አድርጊ ይላል» አለ ኡሲ። «ግን ያንን ነገር አላየውም። ውሃው ሸፈነው። እንዴት ያለ ነው?»

ሚዛ ሊቆጣት የመጣ መስሏት ነበር። ጠበቀች። ዶክተሩ ግን ደብተሩን ገለጠ።

«ሲወጣ እንደ ሣር ነው» አለች። «ቡናማ፣ አንዳንዴ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ጣቶቹ እንደገና ትናንሽ ጣት አላቸው። ሲፈራ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል፣ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። እንደሌሎቹ አይጨበጥም፣ ይወርዳል።»

ዶክተሩ ጻፈ። ከዚያ በኡሲ በኩል፣ ይህን ሁሉ በምን አወቅሽ ብሎ ጠየቃት።

ሚዛ የግራ ክንዷን ከልብሷ ሥር አወጣች። ከክርኗ በታች ቆዳው የተጨማደደና ፀጉር የሌለው ነው።

«የኪጃን ዕድሜ ሳለሁ። ያኔ ጨርቁን ያሰረችው እናቴ ናት።»

ዶክተሩ ክንዷን ረጅም ጊዜ አየ። አልነካውም። ደብተሩ ላይ ሠላሳ ሁለት ብሎ ጻፈና ሥሩ አንድ መስመር ጨመረ።

«ምን አለ?» አለች ሚዛ።

«‹በዓይኔ አላየሁትም፣ ከሴትዮዋ የሰማሁት ነው› ብሎ ነው የጻፈው» አለ ኡሲ። ከዚያም ቀጠለ፤ «ስለ ጠርዙም ጽፏል። ‹የመጨረሻው ሠላሳ አምስት እርምጃ አልተቆጠረም፤ ገመዱን የያዘችው ሴት ለቃዋለች።›»

«ይጻፈው። እውነት ነው።»

«ለምን እንደለቀቅሽ ልጨምር ወይ ይላል።»

ሚዛ ክንዷን መልሳ ሸፈነች። «ችካሎቹን ይነቅላቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ኡሲ ጠየቀ። ዶክተሩ ወደ ባሕሩ ዞረ። ውሃው መስኩን ሞልቶታል፤ አንድም ብጣሽ አይታይም። ከቀኑ የቀረው ብርሃን መርከቡ ላይ ለመሳፈር ብቻ ይበቃል። ራሱን ነቀነቀ። እንቢ ማለቱ አልነበረም፤ አልችልም ነው። ለሠርጉ ያለውን ሁለት ጥንድ አዲስ ጨርቅ በሩ ሥር አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ።

ባሕሩ በሚቀጥለው ትልቅ ሽሽት እስኪሸሽ ድረስ ማንም ሴት ወደ ሰሜን አልሄደችም። በዚያን ቀን ግን ሁሉም ወጡ። ሚዛ ከፊት ሆና በቦዩ አፍ ያሉትን ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፤ ከመንቀሏ በፊት የተቀረጸውን ቁጥር በጣቷ ትዳስሳለች። ሌሎቹ የመሃሉንና የደቡቡን ነቀሉ። በመንደሩ እንጨት አይጣልም። ችካሎቹን በኪጃ ሠርግ ዋዜማ ከግንብ ሥር ደረደሯቸው፣ ቢ ምካሲም ሩዙን የሚያበስሉበትን እሳት አነደዱባቸው።

ቤት ውስጥ ልጃገረዶቹ ኪጃን ሂና ይቀቧታል። የቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በአበባና በቅጠል ተሞላ። ግራው ላይ ቀለሙ ከመዳፏ አልፎ ሦስቱ ጣቶች ጋ ሲደርስ አልያዘም፤ አዲሱ ቆዳ እንደ ሰም ነው፣ ሂናው ይንሸራተታል። የምትቀባት ልጅ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው።

«ይቅር በቃ» አለች ኪጃ። «ሰው ሲጠይቀኝ ዶክተሩ ቆጥሮኛል እላለሁ።»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። ሚዛ በበሩ በኩል ሰማቻት፣ ከብዙ ቀን በኋላ እሷም ሳቀች።

ደጅ ቢ ምካሲ የመጨረሻዋን እንጨት ሰብረው እሳቱ ውስጥ ከተቱ።

«አንቺ ሚዛ፣ እያነደድኩ ስቆጥር ነበር። ስልሳ ሦስት ሆነ። ያ ባለ ቀይ ቆቡ ኡሲ ከመሄዱ በፊት ባሕሩ ላይ ስልሳ አራት ቆመው አይቻለሁ ብሎ አልነበረም እንዴ? አንዱ የት ገባ?»

«እሱ የእርስዎ ነው፤ እሳቱ ቦታ ላይ ቆሟል» አለች ሚዛ። ቀሚሷ ከጉልበቷ በታች አዲስ ቅዳጅ ነበረው። «ብጣሹን ትናንት ቀየርኩለት።»